የክረምት ጎርፍና የፋብሪካ የኃይል መሣሪያዎች፦ በአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአዳማና በዙሪያዋ የሚገኙ ፋብሪካዎችን፣ የነዳጅ ማከማቻዎችን፣ የጄኔሬተር ቤቶችንና የግል ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ለሚመሩ ኃላፊዎችና ለጥገና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ ለብዙው ግቢ የሚሠሩ ቢሆኑም የመሣሪያው አምራች ያወጣው መመሪያና የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ምንጊዜም ከነዚህ ይቀድማሉ።

የምንዘጋጀው ለየትኛው ጎርፍ ነው? ለአዋሽ ሙላት ነው ወይስ ለሌላ?

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ዙሪያዋን በኮረብታዎች ተከባ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለዚህ ለአብዛኛው የከተማው ፋብሪካ ዋናው ስጋት የወንዝ ሙላት ሳይሆን ከኮረብታዎቹ ተንደርድሮ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ነው። ይህ ጎርፍ ከሰዓት በኋላ ወይም በሌሊት የጣለ ከባድ ዝናብን ተከትሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢ ሊደርስ፣ በጥቂት ሰዓትም ጎድሎ ሊያልፍ ይችላል። ግቢው ላይ ጠብ ሳይል፣ ላይ ኮረብታው ላይ የጣለው ዝናብ ብቻውን ጎርፍ ይዞ ሊመጣ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ በድሬዳዋ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምንጩ ከከተማው በላይ ባሉት ተራሮች ላይ የጣለው ዝናብ ነበር።

የአዳማ አካባቢ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና በቶሎ የሚሸረሸር በመሆኑ ውሃው ባዶውን አይመጣም፤ አሸዋና ደለል ተሸክሞ ይገባል። በፓነል ውስጥ ከውሃው ይልቅ ደለሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ውሃው ሲደርቅ ደለሉ እርጥበት ይዞ በመዳቡና በማገጃው መካከል ተኝቶ ይቀራልና።

የአዋሽ ጉዳይ በዋናነት የሚመለከተው ከከተማው በስተደቡብ በወንጂ አቅጣጫ፣ በወንዙ ዳርቻ ያሉትን ነው። ከወንጂ በላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውና 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የቆቃ ግድብ አለ። ሐይቁ በነሐሴ ሞልቶ ውሃ መልቀቅ ግድ ሲሆን የታችኛው ተፋሰስ ይጥለቀለቃል፤ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ በአፋር ክልል በርካታ ሰዎችን ያፈናቀለውን የአዋሽ ሙላት ብዙዎች ያስታውሱታል። የወንዝ ሙላት ግን ቢያንስ የዝግጅት ጊዜ ይሰጣል፤ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ስለ መለቀቁ ሊነገር ይችላል፤ ከመጣ በኋላም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም «ማስጠንቀቂያ በደረሰን በሦስተኛው ቀን ዕቃ እናነሳለን» ተብሎ የተጻፈ እቅድ ወንጂ ላይ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ከኮረብታ ሥር ላለ የአዳማ ግቢ ግን ከወረቀትነት አያልፍም።

ዝግጅቱ መቼ ይጀመር?

በሚያዝያ ተጀምሮ ግንቦት ሳያልቅ መጠናቀቅ ይኖርበታል። የበልጉ ዝናብ በግቢው ውስጥ ውሃ የት እንደሚጠራቀምና የትኛው ቦይ እንደተደፈነ በነፃ ያሳያል፤ ይህን ሳይመዘግቡ ማሳለፍ ኪሳራ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ወቅታዊ ትንበያ ያወጣል፤ ይሁን እንጂ ወቅታዊ ትንበያ ስለ ወራት የሚናገር ስለሆነ «ዘንድሮ ዝናቡ መደበኛ ነው» መባሉ ለአንዲት የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዋስትና አይሆንም።

ሌላው ምክንያት ሒሳብ ነው። የበጀት ዓመታቸው በሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅቶች በሰኔ የጠየቁት ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ግዥው ወደ አዲሱ ዓመት ተላልፎ፣ መስቀል ሲቃረብ ከመጋዘን ይደርሳል።

ግቢውን ስንፈትሽ ከምን እንጀምር?

ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በትልቁ ዕቃ ላይ ነው፤ ትራንስፎርመሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የነዳጅ ታንኩ። ሥራ የሚያስቆመው ግን በአብዛኛው ትንሹና ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ነው። የመቆጣጠሪያ ፓነሉ፣ የባትሪ ቻርጀሩ፣ የጄኔሬተሩ ማስነሻ ባትሪ፣ ወለል ላይ የተተከለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ፓምፕና በኬብል ቦይ ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ከትልቁ ማሽን ቀድመው ይሰምጣሉ። 500 ኪሎ ቮልት አምፔር ያለው ጄኔሬተር ከፍ ባለ መሠረት ላይ በደህና ቆሞ ሳለ ባትሪው ወለል ላይ በመቀመጡ ብቻ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የከፍታ ልኬት ነው። ቀያሽ በሌቭል መሣሪያ፣ ይህ ባይገኝ የጥገና ክፍሉ ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ፣ በግቢው ውስጥ አንድ የማይንቀሳቀስ መነሻ ነጥብ ይዞ የእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ የታችኛው ባለ ኃይል ክፍል ከዚያ ነጥብ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ይመዝግብ። በዚያው ሰነድ ላይ ባለፉት ዓመታት ውሃው የደረሰበት ከፍታ ይጻፍ። ይህን ከግድግዳ ላይ የቀረ የውሃ ምልክት ይናገራል፤ ምልክቱ ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የቆዩ የጥበቃ ሠራተኞች ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። ዝርዝሩ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደር ክረምቱ የሚወስደውን ዕቃ በቅደም ተከተል ያሳያል፤ በጀቱም ከዝርዝሩ መጀመሪያ፣ ማለትም ከዝቅተኛው ዕቃ ጀምሮ ይመደባል።

በዚህ ፍተሻ ላይ በብዛት የሚታለፈው የኬብል መግቢያ ነው። በሩ ላይ የጎርፍ መከላከያ ሳንቃ ተሠርቶ፣ ደጁ በአሸዋ ተከቦ ሳለ ውሃው ከውጭ ባለው የኬብል ጉድጓድ ገብቶ በመሬት ውስጥ ቱቦው በኩል በቀጥታ ከፓነሉ ሥር ይወጣል። ኬብል የሚያልፍባቸውም ሆኑ ለወደፊት ተብለው ባዶ የተተዉ ቱቦዎች በሁለቱም ጫፍ ለዚሁ በተሠራ ማሸጊያ መደፈን አለባቸው። ጨርቅና ላስቲክ መጠቅጠቅ አያዋጣም፤ ግፊት ያለው ውሃ ሲመጣ ተገፍትሮ ይወጣል።

ትልቅ ፓምፕ ብንገዛ አይበቃም?

አይበቃም፤ ምክንያቱም በስሌት ይታያል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያውና አስፋልቱ ተደምሮ 2 ሔክታር የሆነ ግቢ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 800,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም በሰከንድ 220 ሊትር ገደማ ማስወጣት ይኖርበታል። በሰከንድ 15 ሊትር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ከዚህ አንድ አሥረኛውን እንኳ አያነሳም፤ ከግቢው ውጭ የሚመጣው ውሃ ደግሞ ገና አልተቆጠረም። ፓምፕ የሚያገለግለው ጥቂት ውሃ ለሚሰርግበት የኬብል ጉድጓድና ለታችኛው ክፍል፣ እንዲሁም ጎርፉ ካለፈ በኋላ የቀረውን ለማውጣት ነው። ዋናውን ውሃ ሊሸከም የሚገባው በተዳፋት የሚወርድ፣ ደለሉ የተጠረገ ቦይ ነው።

ቦዩ አንድ ጊዜ ተጠርጎ እንደማይበቃም መታወቅ አለበት። በአዳማ አፈር አንድ ከባድ ዝናብ የተጠረገውን ቦይ መልሶ ሊሞላው ስለሚችል ከሰኔ እስከ መስከረም ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መታየት አለበት። የግቢው ቦይ የሚገናኘው የመንገዱ ዲች ወይም ካልቨርት በቆሻሻ ከተደፈነ የውስጡ ጥረት ሁሉ ከንቱ ነው። እዚህ ላይ ከጎረቤት ድርጅቶችና ከከተማ አስተዳደሩ ጋር በግንቦት ተነጋግሮ በጋራ ማስጠረግ በነሐሴ ከመካሰስ ይረክሳል።

ዕቃውን ከፍ ማድረግ ይሻላል ወይስ በግንብ መከለል?

አቅም እስከፈቀደ ድረስ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ግንብ በር ይፈልጋል፤ በሩን በሰዓቱ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል፤ ውስጡ ለሚገባው ዝናብም ፓምፕ ይፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግንቡ ውሃውን ይዞ የሚያቆይ ገንዳ ይሆናል። ከፍ ያለ መሠረት ግን ከማንም ትእዛዝ አይጠብቅም። አዲስ ፓነል በሚተከልበት ጊዜ ከታወቀው የውሃ ከፍታ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ትርፍ ቢተው ወጪው ትንሽ ነው፤ የተተከለውን አንስቶ እንደገና መትከል ግን ኬብሉን ማስረዘም ስለሚጠይቅ ውድ ነው።

አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ለጊዜያዊ መከላከያ ያገለግላል፤ የሚደረደረው ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይደለም። የታችኛው ስፋት ከቁመቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ፣ ማዳበሪያዎቹ እየተሰናሰሉ፣ ውሃው በሚመጣበት ወገን የፕላስቲክ ሸራ ይነጠፍበታል። አፉ ድረስ የተሞላ ማዳበሪያ ክፍተት ስለሚተው ከግማሽ ትንሽ በለጥ አድርጎ መሙላት ይሻላል።

የናፍጣ ታንካችን ብረት ነው፤ ክብደቱም ብዙ ነው። ሊንሳፈፍ ይችላል?

ይችላል፤ ባዶ ወይም ግማሽ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ። 10,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሙሉ በሙሉ ውሃ ቢውጠው ውሃው ወደ ላይ የሚገፋው በ10 ቶን ገደማ ኃይል ነው። የታንኩ ብረት 1 ቶን ቢመዝን ባዶውን ታንክ ወደ ላይ የሚያነሳው ትርፍ ኃይል 9 ቶን ይሆናል። የተነሳ ታንክ ቱቦውን በጥሶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ መሆኑ ቀርቶ የእሳትና የብክለት ጉዳይ ይሆናል።

«ክረምት ሲገባ ታንኩን ሞልተን እናስቀምጣለን» የሚለው ልማድ ጥሩ ነው፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ያገኛል። ነገር ግን ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከላይ በጠቀስነው ታንክ 10,000 ሊትር ናፍጣ 8.4 ቶን ነው፤ ብረቱ ሲጨመር 9.4 ቶን ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ በውሃ የተዋጠ ሙሉ ታንክ እንኳ የ600 ኪሎ ግራም ግፊት ወደ ላይ ያነሳዋል ማለት ነው። ውሃው የታንኩን ከፊል ብቻ የሚደርስ ከሆነ ግን መሙላቱ በእርግጥ ይይዘዋል።

አስተማማኙ መንገድ ታንኩን በብረት ቀበቶ ከኮንክሪት መሠረት ጋር ማሰር ነው። የመሠረቱ ክብደት ሲሰላ ኮንክሪቱ ራሱ በውሃ ውስጥ እንደሚቀል መርሳት የለም፤ በደረቅ 2.4 ቶን የሚመዝነው 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውሃ ውስጥ የሚይዘው 1.4 ቶን ያህል ብቻ ነው። ባዶውን ታንክ ለመያዝ እንግዲህ ከ6 ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ በብዙ ግቢዎች የሚታየው ሁለት የብሎኬት መቀመጫ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የመተንፈሻ ቱቦው አፍና የመሙያው ክዳንም ከውሃው ከፍታ በላይ መውጣት አለባቸው፤ አለበለዚያ ታንኩ ባይንሳፈፍም ውሃ ይገባበታል። ከናፍጣው የሚከብደው ውሃ ታች ተኝቶ ጄኔሬተሩ በተነሳ ጊዜ መጀመሪያ የሚሳበው እሱ ይሆናል። የጋዝ ታንክና ሲሊንደር ከናፍጣም ይበልጥ ስለሚቀሉ የማሰሩ ግዴታ በእነሱ ላይ ይጠብቃል።

በታንኩ ዙሪያ ያለው ግንብ ዝናብ ይሞላዋል። ውሃውን እንልቀቀው?

ላዩን ሳያዩ አይለቀቅም። ግንቡ የተሠራው የትልቁን ታንክ ይዘት ከነ10 በመቶ ትርፉ እንዲይዝ ነው፤ ዝናብ የሞላው ግንብ ግን ነዳጅ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ አንድ ሠራተኛ ላዩ ላይ የዘይት ቀለም መኖር አለመኖሩን አይቶ፣ ንጹሕ ከሆነ ይለቃል፤ ዘይት ካለበት ዘይቱን ከውሃው በሚለይ ጉድጓድ ያሳልፈዋል። ቫልቩ በሌላ ጊዜ ሁሉ ተዘግቶ መቆለፍ አለበት። ለምቾት ሲባል ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሚተው ቫልቭ ግንቡን ጌጥ ያደርገዋል።

ትራንስፎርመራችን ሁልጊዜ ዝናብ ይመታዋል፤ ጎርፍ ለምን ያሳስበናል?

ከላይ የሚመጣውን ዝናብ እንዲችል ተሠርቷል፤ ከታች የሚነሳውን ውሃ ግን አይደለም። የሚያሰጉት የኬብል ሳጥኑ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑና ሲሊካ ጄል (የአየርን እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) የያዘው መተንፈሻ ናቸው። መተንፈሻው ውሃ ውስጥ ከገባ ትራንስፎርመሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ከክረምት በፊት ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ከለወጠ ይተካ፤ የዘይት ናሙና ከታችኛው ቫልቭ ተወስዶ የቮልቴጅ መቋቋም ምርመራ ይደረግ። ከጎርፍ በኋላም ይህ ምርመራ ሳይደረግ ኃይል አይለቀቅበትም።

ውሃ ሲመጣ መብራቱ መቼ ይቆረጥ? ማንስ ይወስን?

በተግባር ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የሚከብደውም በቴክኒክ አይደለም። ምርት የማቆም ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጅ በሌሊት ቤቱ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ደግሞ ያለ ፈቃድ ቢቆርጥ እንደሚጠየቅ ይፈራል። ስልክ እስኪነሳ ውሃው ፓነሉ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ውሳኔው በግንቦት በጽሑፍ ያልቅ፦ በግድግዳው ላይ ቀይ መስመር ይቀባ፤ ውሃው መስመሩን ሲነካ በሥራ ላይ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ማንንም ሳያስፈቅድ እንዲቆርጥ በሥራ አስኪያጁ የተፈረመ ትእዛዝ ይለጠፍ። መስመሩ ከዝቅተኛው ባለ ኃይል ክፍል በታች፣ ማሽኖቹን በሥርዓት ለማቆም የሚያስፈልገውን ጊዜ በሚሰጥ ርቀት ይሁን።

ቅደም ተከተሉ ከጭነቱ ይጀምራል። መጀመሪያ ማሽኖቹ ይቆማሉ፤ ቀጥሎ የየክፍሉ ብሬከር (ኃይል የሚቆርጠው ማጥፊያ)፣ ከዚያ ዋናው ብሬከር ይጠፋል። አይሶሌተር (ኃይል ከጠፋ በኋላ መስመሩን ለመለየት የሚከፈተው ማለያያ) ጭነት ላይ እያለ አይከፈትም፤ የሚፈጠረው የእሳት ብልጭታ ሰው ይገድላል። በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት በኩል ያለውን መስመር የሚቆርጠው ሥልጣኑ ያለው ባለሙያ ወይም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ የአካባቢው ማዕከል ስልክ ቁጥር በፓነሉ ቤት ብቻ ሳይሆን በጥበቃ ቤቱም ይለጠፍ። ውሃው ከቀደመና ፓነሉ ቤት ውስጥ ከገባ ማንም ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ ብሬከር አይንካ፤ ከዚያ በኋላ መቆረጥ ያለበት ከውጭ ነው። ዋናው ብሬከር ከጠፋም በኋላ የባትሪ ክፍሉና የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) መስመር ኃይል እንዳለባቸው ይቀራሉ።

መብራት ከተቆረጠ በኋላ ጄኔሬተር ማስነሳት ይቻላል?

የጄኔሬተሩ ቤትም ሆነ የሚያበራቸው መስመሮች ደረቅ ከሆኑ ይቻላል። ቼንጅ ኦቨሩ (ግቢውን ከውጭው መስመር ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው ማብሪያ) በትክክል መሥራቱ ቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ አለበለዚያ የጄኔሬተሩ ኃይል ወደ ውጭው መስመር ወጥቶ «ተቆርጧል» ብሎ ጥገና ላይ ያለን ሠራተኛ ይመታል። ጄኔሬተሩን ከዝናብ ለማዳን ወደ ዝግ መጋዘን አስገብቶ ማስነሳትም የጭሱ መርዝ ሰው ስለሚገድል ፈጽሞ አይደረግም። አየር መሳቢያው ወይም ጭስ ማውጫው ውሃ ውስጥ የነበረ ሞተር ከሆነ ቁልፉን ለመሞከር እንኳ አይዞር፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ስለማይታመቅ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል።

ቦይለር ያላቸው ፋብሪካዎችስ?

ቀድመው ማቆም አለባቸው። የጋለ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጭ ማሞቂያ) ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ጎርፍ የጋለውን ጡብና ብረት ሲነካ ሊሰነጥቀው ይችላል። ለቦይለር የሚቀባው መስመር ከፓነሉ መስመር ዝቅ ይላል።

በጣሪያችን ላይ ሶላር አለን፤ ዋናውን ብሬከር ካጠፋን በቂ ነው?

አይደለም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ከፓነሎቹ እስከ ኢንቨርተሩ (የፓነሎቹን ኃይል ማሽኖች ወደሚጠቀሙበት ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) ያለው ኬብል ኃይል ይኖረዋል። ኢንቨርተሩና ባትሪው ከመጀመሪያውኑ ከፍ ብለው ይሰቀሉ፤ ውሃ የነካው የሊቲየም ባትሪም ከቀናት በኋላ ሊቃጠል ስለሚችል ከሕንፃ ርቆ ይቀመጥ።

የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ጎርፍ ይመለከታቸዋል?

አዳማ 1 በ51፣ አዳማ 2 በ153 ሜጋ ዋት አቅማቸው የተተከሉት ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ አይተኛባቸውም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚታየው መሸርሸር ነው፤ ለክሬን የተሠራ መንገድና የተቀበረ ኬብል ያለበት ቦይ ውሃ መውረጃ እየሆኑ ይቦረቦራሉ። ከነዚህ ከፍታዎች የሚወርደው ውሃ መንገዱ ወደ ታችኛው ግቢ ስለሆነ የላይኛው እርከን ሥራ የታችኛው ፋብሪካም ጉዳይ ነው።

ውሃ የገባበትን ብሬከር አድርቀን ብንጠቀምበትስ?

ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መግጠም የተለመደ ነው፤ አደገኛም ነው። በውስጡ የቀረው ደለልና ዝገት ብሬከሩ በሰላሙ ጊዜ ኃይል እንዲያስተላልፍ አይከለክለውም፤ አጭር ዙር ሲፈጠር እንዳይቆርጥ ግን ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የሰመጠ የፋብሪካ ብሬከር፣ ፊውዝ፣ ኮንታክተር፣ ሪሌና ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ይቀየራል። ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ይድናል፦ ተፈትቶ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በዝግታ በሙቀት ደርቆ የማገጃው መቋቋም በሜገር (የማገጃ መለኪያ መሣሪያ) ይለካል። ከ1,000 ቮልት በታች ለሚሠሩ የተለመዱ ሞተሮች ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ልኬት 5 ሜጋ ኦም ነው፤ ኩሽኔታዎቹና ቅባታቸው ይቀየራሉ። ኬብል ጫፉ ውሃ ካልነካና ለእርጥበት የተሠራ ከሆነ ተለክቶ ሊቀጥል ይችላል።

ኃይል ሲመለስ በአንድ ጊዜ ሁሉም አይለቀቅም፤ እያንዳንዱ መስመር ተለክቶ፣ ተፈርሞበት፣ ለብቻው ይለቀቃል። ምርት ለማስጀመር የሚደረገው ጥድፊያ ጎርፉ የተወውን ዕቃ የሚያቃጥለው በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

መድን ጎርፍን ይሸፍናል?

የእሳት አደጋ ውል ጎርፍን ብዙውን ጊዜ የሚያካትተው ተጨማሪ ሽፋን ተገዝቶ በውሉ ላይ ሲጻፍ ነው፤ ውሉን በግንቦት አውጥቶ ማንበብ ይገባል። ካሳ ሲጠየቅ የከፍታው ሰነድ፣ የቦይ ጠረጋ መዝገብና ከጎርፉ በፊት የተነሱ ፎቶግራፎች ክርክሩን ያሳጥራሉ። ጉዳቱ ሳይመዘገብ ዕቃውን ማንሳትና ማጠብ ግን ማስረጃውን አብሮ ስለሚያጥበው በመጀመሪያው ቀን፣ ኃይሉ መቋረጡ ከተረጋገጠ በኋላ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከነ መለያ ቁጥሩና ውሃው ከደረሰበት ምልክት ጋር ፎቶግራፍ ይነሳ።